የተበላችው ፊደል

ጉሙ ሳይገፈፍ ከሰላ ድንጋይ፣
ዘበኛው በሩን ሳይከፍተው ገና፣
እናት ከነልጇ ደጅ ትቆማለች
ካፊያ አርሶባት ባና።
ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጀርባ አልወረደችም፤
እግሯ ተንዠርጎ ጉልበት ይመታል፣ መሬት አይነካም።
«አውርጃት» አልኳት።
«ቦዩስ?» አለችኝ፣ «ካቡስ? ውሻውስ?»
«ትለምደዋለች» አልኩ።
እውነቱን ላውራ? ፈርቻለሁ እኔ፣
ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ።

መዝገቡ ላይ ስሟ፦ ይታይሽ ደምሰው።
መጀመሪያ ስጠራው
ምላሴ መሃል ላይ ቆመ።
ገና እንደ ተወለደች፣ ዓይኗን ማንም ሳያስተውለው፣
ደስ ብሏቸው ነው እንጂ፣ ማን ለክፋት ሰየመ?

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል ጾምኩኝ፤
«እዩ» ማለት ተውኩኝ።
«ቅመሱና እዩ»፣ «ቅመሱ» ብቻ፣
«ሞክራችሁ እዩ»፣ «ሞክሩ» ብቻ፣
«ነገ እንተያይ» ልል ስል ሳል ይይዘኛል።
ግን ከአማርኛችን፣ ዓይን ያልገባበት ስንዝር የት ይገኛል?
እሷ ግን አንድ ጧት፣
እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ከብርዱ፣
«ቲቸር፣ ትናንት እኮ አየሁሽ» አለችኝ፣ «ስታልፊ በመንገዱ፤
ጫማሽ አዲስ ነው። አንዱ ይጮሃል።»
እውነቷን ነው። የግራው።
ጾሜን እዚያው ፈታሁ።

ወረቀትና መውጊያው ይመጣል ተባለ ከደብረ ብርሃን፤
ተባለ፣ ተባለ፣ መስከረም ኅዳር ሆነ፣ እኛም ጠበቅን።
የእንቁላል ካርቶን ቆረጥኩ፣ ስድስት ስድስት ጎድጓዳ፣
ባቄላ ቆሎ ዘገንኩ ከራሴ ጓዳ።
ሦስት በግራ ረድፍ፣ ሦስት በቀኝ፤
ፊደል ሁሉ ከዚች ቤት ይወጣል፣ ጣት ሲገኝ።
ታምራየሁ ፍሬውን ጆሮው ሥር አንኳኩቶ ይፈትናል፤
ማርዘነብ ቆጥራ ቆጥራ አምስት ላይ ይጠፋባታል።
የይታይሽ «ይ» አምስት ፍሬ ናት፤
አንዲት ጉድጓድ፣ በግራ መሃል ላይ፣ ባዶ ተውንላት።

ቀጭ!
«ማን ነው?»
ጸጥታ።
ዞር ብል፣ ከቀኝ ረድፍ የግርጌዋ ፍሬ የለች በቦታዋ፤
ጉንጯ ግን ወጥሯል። ፊደል እያኘከች መያዟ!
ያቺ ፍሬ ስትነሳ «ይ» ወደ «ን» ይዞራል፤
እኔ ልነግራት ስል ጣቷ ቀድሞኛል።
«ንታይሽ» ብላ አነበበች፣
ባቄላው ትን እስኪላት ሳቀች።

ሚያዝያ፣ የወላጆች ቀን፣ እናቷ መጣች፤
በር ሥር፣ ጥግ ይዛ ቆመች።
«ልጅሽ የጻፈችውን አንብቢው» ብላት
መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ አጠበቀች፤
«እኔ ምኑን አውቄ! ያልተማረ ዕውር አይደለ?» አለች።
አለችና ከንፈሯን ነከሰች።
ቃሉ ወለል ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳው።
«ነይ በይ» አለቻት ይታይሽ፣ «ሌባ ጣትሽን አምጪው።»
ሱፍ ሲፈትል የኖረ፣ የደደረ ጣት፣
ልጅ መራችው ከፍሬ ወደ ፍሬ፣ አልጣደፈችባት።
«እዚህ አለ?»
«አለ።»
«እዚህስ?»
«የለም።»
«ጎሽ! ባዶውም ይነበባል፤
ዘለሽው ካለፍሽ ሌላ ስም ይሆናል።»
አምስቱን ካርቶን ጨርሰው፣ «ይኼ እኔ ነኝ» አለች።
እናቷ ጨፍና ነበር።
ማንም ጨፍኚ አላላትም።

ሲወጡ ባናዋን አመቻችታ፣ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠች።
ይታይሽ የለችም፤
በግራ እጇ ካቡን ድንጋይ በድንጋይ እየቆጠረች
ቁልቁል ቀድማ ሄዳለች፣ ኪሷ እየተንሿሿ።

ማታ ቆሎውን ስለቅም ሰባት ፍሬ ጎድሏል።
አንዷን እኔ በልቻለሁ።
ስድስቱ የት እንዳሉ ካቡ ያውቃል።