እንደገና ሞክር

ስድስት መነጽር መጣ፣ በካርቶን ታሽጎ፣
ለሃምሳ ሁለት ልጅ፤
ገንደ ቆሬ ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ከቀኑ በስምንት፣
ወረፋው ረዝሞ እስከ ክፍሉ ደጅ።

ዓይን ላይ ሲታሰር ግድግዳው ይጠፋል፣
ጠመኔው ይጠፋል፣ እኔም እጠፋለሁ፤
ሌላ ከተማ አለ፣
ጎዳናው የታጠበ፣ ዝንብ ያልዞረበት፣
ከነፋስ በስተቀር ድምፅ የሌለበት።
በሩ ላይ ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣
ቆመዋል በትር ይዘው፣ ከብርሃን የተሠሩ ሰው።
አሳምሮ ለጠየቀ በሩን ይከፍታሉ፤
ለተሳሳተ ግን ፊት ያዞራሉ።

ሂቦ ተራ ደረሳት።
ሻሿን ገፋ አድርጋ መነጽሩን አጠለቀች፣
ባዶ አየር ላይ እንደ ጎረቤት አንኳኳች፦
«አንተ አባባ፣ ሰላም ነህ? በሩን ክፈትልኝ፤
ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው፣ ቶሎ በልልኝ።»
ሽማግሌው ዞሩ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦
እንደገና ሞክሪ።
«አቦ ምን ሆነሃል? ልግባ ነው ያልኩህ!»
እንደገና ሞክሪ።
«ዋሪያ!» አለች በመጨረሻ፤
ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፣ አንዱ ከወንበር ወደቀ።
እሷ ግን፣ ላቧ በመነጽሩ ጠርዝ እየወረደ፣
«ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?»

ምን አጠፋች?
እኔ የማርቆስ ልጅ፣ አንቱታ በጥፊ የገባኝ፣
ድሬ በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን
አንድ ፍሬ ልጅ ከከዚራ ዛፍ ሥር ጠራኝ፦
«አንተ ሰውዬ፣ ምን ያቃጥልሃል? ና ወደ ጥላው!»
ደሜ ፈላ። ማነው ይሄን ያሳደገው?
ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ፣
ስንት ቀን፤
ጥላ እንደ ሰጠኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ግን ፈተና አለ፤ ፈተናው ድሬን አያውቅም፣
«እርስዎ» ላላለ ልጅ ነጥቡ አይለቀቅም።
እናም እንዲህ አልኳቸው፦
«እርስዎ» ካፖርት ነው፣ ደጋ ስትወጡ የምትደርቡት፤
እዚህ ያልባችኋል፤ ቢሆንም ሳጥን ውስጥ አኑሩት።

ሳምንት ሙሉ ለካን። አሳጠርን፣ አስረዘምን።
ጃፈር «ይግቡ» ሊል «ይግባሉ» አለ፤
ራውዳ «እርስዎ ና» ብላ እጅጌውን ቀደደች፤
ሂቦ ብቻ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ሳትደናቀፍ፣
«እንደምን ዋሉ አባባ? እባክዎ ይክፈቱልኝ» አለች።
ወለል አለ በሩ።
ገባች። ዞረች።
ቲማቲሙ በየመደቡ፣ ሁሉም አንድ መጠን፣
ዋጋው ተለጥፎ፣ የሚከራከር የለም።
መነጽሩን ስታወልቅ ግንባሯ ላይ መስመር ቀርቷል።
«እንዴት ነው?» አልኳት።
«ጥሩ ነው። ማንም ማንንም አይጠራም።»
አሥር ከአሥር ጻፍኩላት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ በእውነተኛው በር፣
ዝገቱ እጅ በሚያቀላው፣
አብዱሌ አለ፤ ዘበኛችን፣ የድሮ ባቡር ሠራተኛ፣
ልጆቹን ሁሉ በእናታቸው ስም የሚጠራ።
(ይኸው፣ በጽሑፍ «አለ» ማለት ለመድኩ፤
በአፍ ገና ነኝ።)
ሂቦ ቀረበች፣ ቆመች፣ ካፖርቷን ደረበች፦
«እንደምን አደሩ አባባ? እባክዎ ይክፈቱልኝ።»
እጁ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።
«ሂቦ» አላት፣ «ምን በደልኩሽ?
ማነው ያጣላን?»

ማታ ስወጣ
ደብተሮቼን አቅፌ ፊቱ ቆምኩ።
ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ያልኩት ሰው፣
ሰባት ዓመት ሙሉ «አንተ» ብሎ የሸኘኝ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«አን...» አልኩ።
«አን...»
አልወጣም፤
ምላሴ ገና ከማርቆስ አልመጣም።
አብዱሌ ሳቀ፣ በሩን በሰፊው ከፈተና
«ነገ» አለኝ፣ «እንደገና ሞክር።
አሁን ሂድ፣ ባጃጅ ሳያመልጥህ።»