የዘረፋ ትምህርት

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አዲስ አበባ፣
ቡልጋሪያዊት መምህሬ ጣቴን በእርሳሷ ጫፍ እየመታች
«ከወረቀቱ አትውጪ» ስትለኝ
አልወጣሁም።
ነጥቡ ሳቢ ሲለኝ ሳብኩ፣ ግፊ ሲለኝ ገፋሁ፤
ዕረፍት እንኳ
ተጽፎ ነበር የሚሰጠኝ።

ጅማ የተመለስኩት በክረምት ነው፣ አባቴ ሲታመም።
አባቢያ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
ሂርማታ ገበያ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ መጥረቢያው አልገዛለት ብሎ።
ቫዮሊኔን ከሳጥኑ አውጥቼ የጀርመኖቹን ዜማ ብጫወትለት
ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤
ከዚያ እንዲህ አለ፦
«ጥሩ ወንበር ነው ልጄ። አራት እግር አለው።
የኛ ቤት ወለል ግን እንደምታውቂው ነው።»

አንድ ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ሆቴል ለሠርግ እራት ተቀጠርኩ።
ኪቦርድ አለ፣ ድራም አለ፣
ሳክስፎን የያዘ ጡረተኛ አለ፤ አስር አለቃ ውብአየሁ፣
ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተረፈ፣
ሁለት የፊት ጥርስ የጎደለው።
ወረቀቴን በልብስ መቆንጠጫ አቁሜ ጀመርኩ።
ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ሄደ።

ኪቦርዱ ሞተ። ማይኩ ሞተ። ወረቀቱ ጠቆረ።
ዝናቡ ብቻ ጣሪያውን ሲደበድብ ቀረ።
ቀስቴ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣
ከጨለማው ድምፅ መጣ፦
«ጦይባ! ምን ትጠብቂያለሽ? ዝረፊ!»

ዝረፊ።
እኔ ቃሉን የማውቀው ከመርካቶ ነው፣
ሰው እየጮኸ ሰው ሲሮጥ።
እሱ ግን ዩኒፎርም ሳይለብስ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤
ባለቅኔ፣ ጉባኤ መሃል፣ መምህሩ ፊት ቆሞ፣
ያልነበረ ቤት ሲመታ
«ዘረፈ» ሲባል ሰምቶ ያደገ።
ጃዝን ኋላ ሲያገኘው
ጎረቤቱን ያገኘ ነው የመሰለው።

ሳክስፎኑ ወረወረ፤ ያዝኩት፣ ጣልኩት፤
ደግሞ ወረወረ፤ ሳብኩት፣ አጠፍኩት።
በአንቺሆዬ ስገባ አንዲት ድምፅ ሾለከች፣
ያልተጠራች፣ ቅኝቱ የማያውቃት፣ ከማዶ የመጣች።
መምህሬ ብትሰማት በእርሳሷ ባስወጣቻት፤
እኔ ግን «ኖር» ብዬ ተነሣሁላት።
ሦስቴ ዞሬ መጣሁባት፤ በሦስተኛው ዙር ላይ
እንግዳይቱ ቁጭ አለች፣ የቤት ልጅ መስላ ስትታይ።
ከጨለማው አንድ ሰው «አቤት!» አለ።
ሙሽራዋ እንደነበረች ኋላ ነገሩኝ።

መብራት ሲመጣ ጠፋኝ።
ወረቀቱን አየሁት፣ አየኝ፤ ተፋፈርን።
በብርሃን መዝረፍ
ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ቀበሌው ያዋሰን አዳራሽ አለ።
ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል፤
ባልዲዎቹን አናነሳም፣ ምት ይጠብቁልናል።
አሥራ አንድ ልጆች፣ አራት ቫዮሊን፤
ያልደረሰው በአፉ ይጫወታል።
ቅኝቱን አስጠናለሁ፣ እስኪሰለቹ፣ እስኪጠሉኝ፤
ባዶ ቤት አይዘረፍም እላቸዋለሁ።
ከዚያ ወረቀቱን እሰበስብና
መስኮቱን እዘጋለሁ።

ትናንት ሙኒብ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ልጅ፣
ጣቱ ስቶ አንዲት የከረረች ድምፅ አመለጠችው።
ቀስቱን አውርዶ መዳፉን ዘረጋልኝ፣
ትምህርት ቤት እንደለመደው፣
እንድመታው።
እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አነሳሁ።
የባልዲውን ከንፈር ነካ ነካ አደረግኩበት፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
«በል፣ እሷኑ ድገማት።»

የተቀመጠባት በርጩማ የአባቴ የመጨረሻዋ ናት።
ሦስቱ እግሮቿ እኩል አይደሉም።
ወለሉም አይደለም።
አገጩን አስጠጋ፣ ወደኔ በጥርጣሬ እያየ፣
ደገማት።