ሰባት ቤት

አዳማ ላይ፣ ከረፋዱ በፊት፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳታግል፣
ጆንያ ነክሬ አነጥፋለሁ፣ ሸንኮሬ በላዩ እንድትውል።
«ለምን አትሸልታትም?» ይላሉ፣ «በዚህ ሙቀት ይህን ጠጉር!»
ይህ እኮ የብርድ ሽመና ነው፤ ያላየሁት፣ የሩቅ አገር።
በአንድ እጄ ብሩሽ፣ በአንዱ ውሃ፣ ሽቅብ ከጭራዋ ወደ ደረቷ
አበጥራለሁ፣ ነጩ ጎፈር እስኪያብጥ ድረስ ባንገቷ።

ሌላው ቤት ሠራ፣ ሌላው ወፍጮ ተከለ፤
እኔ፣ የቡችላ ጆሮ ጫፉ እንዲታጠፍ
ማስቲካ ስለጥፍ ዘመኔ ኮበለለ።

ወንጂ ነው የተወለድኩት፣ ሸንኮራ መሃል፣ ካምፕ ሰባት፣
አባቴ ኤርሱሞ ከከምባታ ወርዶ አገዳ የቆረጠበት።
በሆላንዱ መሐንዲስ ግቢ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ሣር ላይ
ሁለት ውሾች ሲሮጡ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላይ።
ዊሊና ሳስኪያ። ማር መልክ፤ ሾጣጣ ፊት፣ ቀበሮ ተንኮሉን የጣለው፤
ዓይናቸው ደግሞ... ቆይ፣ ምን ብዬ ልንገርህ? ዘመድ ነው የሚመስለው።

ፋብሪካው የመንግሥት ሲሆን መሐንዲሱ በሌሊት ሻንጣ ሸከፈ፤
ገመዱን አስይዞኝ፣ አንድ ቃል ሳይናገር አለፈ።
የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፤ ደመወዝ የለኝ፣ ቤት የለኝ፣
ሁለት ውሻ ግን አለኝ!

ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ፤ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ ካሬ፣
ማን ከማን እንደተወለደ፣ ቀን፣ ወር፣ መልክ፣ እስከ ዛሬ።
ሰፈሩ «የውሻ ልጅ» ሲባባል፣ ስድብ መስሎት ሲፋጅ፣
እኔ እጠይቃለሁ፦ «የየትኛው ውሻ? የማን ልጅ?»

ሽማግሌ ልኬ «እስከ ሰባት ቤት ቁጠር» ሲሉኝ አማቴ፣
ኤርሱሞ አልኩ። ከኤርሱሞ በላይ ዝም። አባቴ
አገዳው መሃል ሲወድቅ ልጅ ነበርኩ፤ የአያቴን ስም ይዞ ሄደ።
ውሾቼ ግን ደብተር አላቸው፣ ማን ማንን እንደወለደ።

ሸንኮሬ ሰባተኛዋ ናት። አደባባዩ ጋ ከአጥር ካመለጠች
ባጃጆችን እንደ በግ ልትሰበስብ ትከንፋለች፤
አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከጎን፤ ትራፊኩ ያልቻለውን ትችላለች።

ባለፈው ኅዳር «አዲስ አበባ የውሻ ውድድር አለ» ሲሉኝ
ከረባት አሰርኩ፣ አጠብኳት፤ ባይሸልሟትም ይዩልኝ።
ዳኛዋ የውጭ ሴት ናት። ግንባሯን ዳበሰች፣ ጥርሷን ቆጠረች፣
አስሮጠችን፣ አስቆመችን፤ «ወረቀቷስ?» ብላ ጠየቀች።
ደብተሬን ሰጠኋት፣ የዘይት ጠብታ፣ የጥርስ ምልክት ያለበት።
አስተርጓሚው ሲያነብላት አራተኛው ገጽ ላይ አስቆመችው፤
ጣቷን አሳረፈች፣ ቀኑ ላይ፣ እኔ በዋሸሁበት።

እናት ዶሊ። አባት ቄሳር። ልጅ «ማንያውቃል»፤ ሐምሌ ሰማንያ ስድስት።
ቄሳር የሞተው በሰማንያ አራት ነው፤ ማንጎው ሥር ቀበርኩት።
የሞተ ይወልዳል? በዚያ ክረምት አጥሬን የዘለለው
የጋራዡ ቢጫ ውሻ ነበር፣ አንድ ጆሮ የሌለው።
ከዚያ በፊት፣ ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ፣ ዓይናቸው ሳይበራ ይቀር ነበር፤
ያ ሌባ ባይዘል ኖሮ የሳስኪያ ቤት ዛሬ ባዶ አጥር።

ዳኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋች።
ሦስተኛ። አረንጓዴ ሪባን። ምንም ሳትናገር አለፈች።

ማታ ሚኒባሱ «ውሻ አልጭንም» አለን፤ ቲማቲም ያራገፈ አይሱዙ ወሰደን፤
በባዶ ሣጥኖች መሃል፣ እስከ ሞጆ ድረስ፣ ነፋሱ አበጠረን።
ጉዲቱ ሪባኑን ገልበጥ አድርጋ አየችና
«ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል» አለች፣ ሳቋን አፍናና።

ያን ሌሊት እስክሪብቶ አነሣሁ፤ «ቄሳር» የሚለውን ሰረዝኩ፤
«የጋራዡ ቢጫ፣ ጆሮ ቆራጣ» ብዬ ጻፍኩ።
እጄ ሳይመለስ፣ በመጨረሻው ባዶ ቅጠል፣
ስሜን፦ «ሎምበሶ፣ የኤርሱሞ ልጅ»፤ ከዚያ በላይ፦ «ማን ያውቃል»።

አሁን ጓሮ ካሉት ሦስት ቡችሎች አንዱ ቢጫ ነው፤ ጆሮው ቆሞ አልታጠፍ አለኝ።
ጉዲቱ፣ ሠላሳ ዓመት ስትስቅብኝ የኖረችው፣
ማስቲካ እያላመጠች መጥታ
«ያዝልኝ» አለችኝ።