ባለቤቱ የታለ?

ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሰዓት ኪራይ ክፍል፣
ከላይ በክራቫት ታንቄ፣ ከታች በሰንደል፤
በስፓኒሽ ለሚያልሙ፣ በስፓኒሽ ለሚቆጡ
የኪቶ ዩኒቨርሲቲ ልጆች እንግሊዝኛ ላስተምር፣
ፈታኞቼ በስክሪን መጡ።

ዶክተር ኢኔስ ሳቅ አለች፤ ወደ መስኮቷ ዞራ
«ኢዝ ሬይኒንግ» አለችኝ፣ «ኢት»ን ሳትጠራ።

ቀይ እስክሪብቶዬ ስንቱን «ባለቤቱ የታለ?» ብሎ
ነጥብ ቀንሷል መሰላችሁ፣ ያኔ፣ ስድስት ኪሎ!

ዛሬ ግን ዝም አልኩ።

ለካስ እሷም አገር ዝናብ የሚወርደው
አንዲት ግሥ ብቻ ሆኖ ነው፣ ማንም ሳያዘው።

«ጥያቄ ካለህ...» ስትል፣ መብራት ጠፋ፣ ድርግም።
አከራዩ ኑረዲን በጨለማው «ይመጣል» አለኝ፤
ማን እንደሚመጣ አልነገረኝም።

ክራቫቴን ፈታሁ።
ቆርቆሮው ላይ
ይዘንባል።