የደረጃው ሒሳብ

ጌንት ከተማ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ዝናብ በሚያንኳኳው ጣሪያ ሥር፣
ሊቨን ደረጃ ሲጠርብ፣ እኔ ደረሰኝ ስደረድር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሳንቃም፣ ብሎንም፣ ሙጫም፣ የጭነት ኪራይም ባንድ ቋት ሲጣሉ፣
ዓመቱ ሲያልቅ ቋቱን ገልብጬ
"ተርፎናል" እለዋለሁ፣ ወይም ዝም እላለሁ ከንፈሬን መጥጬ።
የቱ ደረጃ እንዳበላን፣ የቱ እንደበላን ግን
አልነገረንም ቋቱ፤ እኛም አልጠየቅን።

ዘንድሮ ሦስት ሻጮች መጡ፣ ሦስት ፕሮግራም ይዘው።
አንደኛው መልከ መልካም፣ በየወሩ ኪስ ይነጫል፤
ሁለተኛው ያው ቋታችን ነው፣ ቀለም ብቻ ተቀብቷል።
ሦስተኛው ለየሥራው የየብቻ መዝገብ ከፈተ፦
ሳንቃው ለማን እንደ ተቆረጠ፣ ሰዓቱ ማን ቤት እንደ ሞተ።

"እንሞክረው" አልኩ። የወይዘሮ ኮሌታን ደረጃ አስገባሁ፣
ሊቨን የሚኮራበትን፣ ጠመዝማዛውን። ድምሩን አየሁ፦
ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዩሮ ኪሳራ። ቀይ።
መነጽሩን አወለቀ ሊቨን፣ ወደ ቦዩ ዞሮ ሊያይ።
ሲንቀው የኖረው የጋራዥ መሰላል ደግሞ
አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፣ ሁላችንንም ተሸክሞ።

"ሠላሳ ሰዓት የት ገባ?"
"ባሏን በቀበረች በሳምንቱ ነበር የሄድኩት።
ታወራ ነበር። መጋዙን አጥፍቼ ሰማኋት።"

ሦስተኛው ፕሮግራም ባዶ ረድፍ አለው፣ ራስህ ስም የምትሰጠው።
እሱን ገዛን። "መስማት" ብዬ ጻፍኩበት፤ ሊቨን ቆሞ አነበበው፣
ጢሙ ላይ የቀረውን ብናኝ እያራገፈ፦
"ደንበኛው ጋ በሚሄደው ደረሰኝ ላይ ግን
እንዳይወጣ" አለ።