ዱካ

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከጃንጥላ በታች፣
ወረቀት ደርድሬ ስጠብቅ አመልካች፣
አባ ፊጣ መጣ፣ ኮቱ በዝናብ ርሶ፣
አንድ የዋንዛ ዱካ ካርቶን አልብሶ።
«ክሰስልኝ» አለ። «ማንን ነው?» ብለው፣
ከኪሱ ያወጣው ፎቶ ያው ዱካው ነው፦
ያው ጀርባ፣ ያው ወገብ፣ ያው የእግሩ ልክ፣
ፋብሪካ የተፋው አረንጓዴ ፕላስቲክ።

«ሰረቁኝ!» ይለኛል። «ዱካህ ይኸውና፣
ምን ጠፋህ?» አልሁት፣ ቀልድ መሰለኝና።
«የጠፋው አይታይም» ብሎ አፈጠጠብኝ፤
ሃያ ዓመት ስጽፍ ሕጉን ያስተማረኝ
ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው።

ድንበር ሲገፋማ ችካል ይተከላል፣
በሬም ሲነዳብህ በረቱ ይጎድላል፤
ሐሳብ ሲነዳ ግን ምን ጉድ ልበለው፣
ሌባው ዘንድ እያደረ ጌታው ዘንድም ያለው?

ዱካውን ገልብጬ ጭኔ ላይ አኖርሁት፤
«አንድ ዕቃ መሰለህ? ብዙ ነው» አልሁት።
«ይህ ጎባጣ ወገብ፣ ዓይን የሚጠራው፣
የኢንዱስትሪ ንድፍ ነው፣ መዝገብ የሚያስረው።
ከብስክሌት ሰንሰለት ያበጀኸው መሮ፣
ጎድጓዳ የሚጠርብ በደቂቃ ዞሮ፣
ማንም ካልቀደመህ ፓተንት ያስጠይቃል፤
ብልሃቱ አነስ ካለ፣ ታናሽ ወንድም አለው፣ ግልጋሎት ሞዴል ይባላል።
ብቻ እንዴት እንደሚሠራ ገልጠህ ትጽፋለህ፣
በምላሹ ለጥቂት ዓመት ብቻህን ትሠራለህ፤
ከዚያ ወዲያ የሁሉ ነው።»
«የሁሉ?»
«የሁሉ።»
ጃንጥላዬን ዝናብ ብቻውን ደበደበ።

ጠርዙ ላይ ሪድዋን፣ የእህቱ ልጅ፣ በምስማር የጻፈው አለ፣
«የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ያስብ» ያለ።
«ይሄስ?» «የሪድዋን ነው።» «ዱካው የኔ ሆኖ?»
«ዱካው ያንተ ሆኖ።
ቅጂ መብት ይሉታል፤ መዝገብ ሳይጠብቅ ይጸናል፤
እሱ ቢሞት እንኳ አምሳ ዓመት ይከርማል።»
«ያ ሰነፍ!» አለና እስኪያስለው ሳቀ።

ከመቀመጫው ሥር በጋለ ብረት የተተኮሰች ጅግራ አለች።
«ይቺ የንግድ ምልክት ናት፤
አስመዝግበህ በየሰባት ዓመቱ ካደስካት አትሞትም።
ፕላስቲኩ ላይ አለች?»
«የለችም። ‹የጅማ ዱካ› ብለው ነው ያተሙበት።»
«እንግዲያ በጅግራዋ አንከስም። ጅማ ደግሞ የሁላችን ስም ነው፤
የሁላችን ስለሆነም እስካሁን ማንም አልቆመለትም።»

ጣቴ ሄዶ ሄዶ ከወዙ ላይ አረፈ፣
የዝናቡ ጠብታ ሳይገባበት ከሚንከባለልበት።
«ሰሙ ከምንድን ነው?»
«ነቢሃ ልጄ ታውቃለች።»
«ከምን?»
«ብነግርህማ ምሥጢር ነው?»
የንግድ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ፎርም የለው፣ ማኅተም የለው፣
ዕድሜው የባለቤቱ ምላስ ነው።

ብዕሬን አነሣሁ። «ለዳኛው ‹አዲስ ነው› ልበል?
ይህን ጉብጠት ከማን ወሰድከው?»
«ከአባቴ።»
«እሱስ?»
መሬት መሬት አየ።
ሒርማታ አንድ ጠራቢ ነበር አሉ፤ የግቢው አጥር ቀዳዳ ነበረው፣
አባቱም ያኔ ልጅ ነው፣ ዓይኑ አያርፍም።
የዚያን ሰው ስም አባ ፊጣ አያውቅም፤
አዋጁም አያውቅም።
ሰውየው ጠፋ፤ ዱካው ግን አልጠፋም።

ፎቶውን አጠፈው፣ አራት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ።
«ክሱን ተወው» አለኝ። «ለጅግራዋ ግን ጻፍልኝ።»

ጻፍሁለት። «በታላቅ ትሕትና» የምትል መግቢያዬን ጭምር፣
ዛሬ በየጃንጥላው ሥር ያሉት ጸሐፊዎች የሚቀዷትን፤
እኔስ ከማን እንደቀዳኋት አላነሣሁም።

ዱካውን ለድካሜ ትቶልኝ ወደ አዌቱ ድልድይ ወረደ።
ተቀመጥሁበት። ጣቴ ላይ ሰሙ ቀርቶ ነበር፤
አሸተትሁት፦ ማር አለበት፣ ሌላም መራራ ነገር፣
የማውቀው ቅጠል፣ ስሙ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ . . .
ቶሎ ብዬ ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁት።