ሰባተኛው ሳህን

ሱሓር ላይ ሐምሌ ሲገባ ነፋሱም ራሱ ያልበዋል፤
ባሕሩ ከአጥሩ ማዶ ጨው እያመነዠከ ይተኛል።
አኩሪ አተር ዘርተናል፣ ጨው ነጭ በጣለው መሬት፣
በጠብታ ቧንቧ እያጠጣን፣ ማለዳ አንዴ፣ አንዴ ሌሊት።
ዘሩ ሦስት ዓይነት ነበረ፤ አንዱን ከረጢት ለብቻ
በቀይ ክር አስራው ነበር ዶክተር ራያ፤ «ይህ ብቻ
በሽታ አይደፍረውም» ብላ።

ነሐሴ ላይ አንድ ግንድ ጠወለገ።
ኢርሻድ በምላጭ ሰነጠቀው፤
ምድጃ የተጠረገበት ይመስል
ውስጡ ሁሉ የከሰል ብናኝ፣ ነቁጥ በነቁጥ ላይ።
«ፈንገስ ነው» አለኝ፣ ምላጩን እየጠረገ፤
«አፈር ውስጥ ዓመት ሙሉ ያደባል፣
ሙቀት ሲበረታ ይነቃል፣
ተክሉ ሲጠማ እሱ ይጠጣል።»

ከአሥራ ሁለት ግንድ ቆረጡ፣ በአሥራ ሁለት ሳህን አኖሩ፤
በመዝገብ ስሙ አንድ ነው፣ የሚለያየው ቁጥሩ።

እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ብልቃጥ፣ ክዳን፣ የመስታወት ዘንግ
ማታ ማታ ቀቅዬ ማድረቅ ነው እንጀራዬ።
ላቲኑን አላውቀውም። መልክ ግን ይይዛል ዓይኔ።

በሦስተኛው ቀን አየኋቸው፦
አንዱ እንደ ባዘቶ አብጦ ክዳኑን ሊገፋ ደርሷል፤
አንዱ ወለሉን ተለጥፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሮጧል፤
አንዱ ዳር ዳሩን ላባ አውጥቷል፤
አንዱ ገና በልጅነቱ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል።
አራተኛውና ዘጠነኛው ጎን ለጎን ከቆሙ ተክሎች፣
ከአንድ ትልም የተወሰዱ፣
ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ የተዋወቁም አይመስሉ።
ሰባተኛው ብቻ
አንድ ሳንቲም አክሎ፣ ግራጫ ሆኖ፣ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል።

ስም አወጣሁላቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።
መስከት፣ ኤጀንሲው ቤት፣ በአንድ ክፍል
አሥራ ሁለት ሆነን ከርመን ነበር፤
ፓስፖርታችን በአንድ ላስቲክ፣ ስማችንም «ሀበሽያ» በአንድ ቃል።
ባዘቶዋ ሸጊቱ ናት፤ ሳቋ ግድግዳ የሚያልፍ።
ሯጯ ነጂማ፣ ጠቋሪዋ ኩርፊያ የማያልቅባት ይመናሹ።
ሰባተኛዋ ለተኪዳን፦
ወር ሙሉ ቃል ሳይወጣት በሩ ሥር ተኝታ፣
በሠላሳ አንደኛው ቀን ተነሥታ
የሁላችንን ደሞዝ ከደላላው ያስቆጠረች።

አንድ ቀን ኢርሻድ በአልኮል ሲወለውል
ቁጥሩን ሁሉ ከክዳኑ አጠፋው።
ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ፤ ዶክተሯ ወንበር ላይ ተቀመጠች።
«ቁጥሩን አውቀዋለሁ» አልኩ በተሰባበረ አረብኛዬ።
አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷም በማጉያው አየች፣
ከድሮው ፎቶግራፍ ጋር አስተያየች፤ አንዱም አልተሳተ።
«በምን ለየሻቸው?» ብትለኝ፣
«አብሬያቸው ኖሬያለሁ» አልኩ።

ከዚያ በጥርስ እንጨት ጫፍ
ሁሉንም በየተራ የሦስቱን ዘር ግንድ ወጉበት።
ሁለቱ ዘሮች ለአብዛኞቹ ወደቁ።
ቀይ ክር የታሰረለት ግን ለሸጊቱ አልተበገረም፣
ለነጂማ ቅጠሉን አላረገፈም፣ ለይመናሹም አንገቱን አልደፋም፤
አሥራ አንዱን ችሎ ቆመ።
ያቺ ሳንቲም የምታክለው፣ ዝምተኛዋ፣
በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሥሩ ጣለችው።

ዶክተር ራያ ትልሙ መሐል ቁጢጥ ብላ
የደረቀውን ግንድ በጣቷ ስታንከባልል ቆየች።
«ይቋቋማል አልን» አለች፣ «ማንን እንደሆነ ሳንጠይቅ።»
ከዚያ ቀዩን ክር ፈታ ኪሷ ከተተችው።

ማታ ሥራዬ ነው፤ ሳህኖቹን ልቀቅል ሰበሰብኩ።
መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ይላል ወረቀቱ።
ለተኪዳንን መጨረሻ አስገባሁ፣ ክዳኗን በመዳፌ ደግፌ።
ማሽኑ በፉጨት እንፋሎቱን ለቀቀ።
በመስኮቱ እርሻው ይታየኛል፤ የቧንቧው ጠብታ ይሰማል።
አፈሩን ግን ማን ይቀቅለዋል?